ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይ ስለሚዘራ በቆሎና ስለ ዩሪያ አሰጣጥ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥተው በመተከል ፓዌ የሰፈሩት ገበሬዎች በትውልድ ቀያቸው ዋነኛ ስጋታቸው የዝናብ እጦት ነበር። ፓዌ ግን በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ፣ አብዛኛውም በክረምት ወራት የሚወርድበት ቆላ ነው። መሬቱም በከፊል ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሲርስ ያብጥና ውኃ አላሳልፍ ይላል። በመሆኑም በድርቅ የተፈናቀለ ገበሬ በአዲሱ መንደሩ ሰብሉን በውኃ ብዛት ሊያጣ ይችላል።

በሐምሌ ወር በቆሎው ቢጫ ሆኖ የሚያገኝ የመስክ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ «ዩሪያ አነሰው» ብሎ ይመለሳል። ተክሉ በእርግጥ ናይትሮጅን ርቦታል፤ ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ጀምሮ በመካከለኛው ጅማት በኩል ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ብጫነት ምልክቱ ነው። ነገር ግን ናይትሮጅኑ ከመሬቱ ውስጥ የጠፋው በምን ምክንያት እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ውኃ የአፈሩን ቀዳዳ ሲሞላ አየር ይወጣል። ሥሩ መተንፈስ ይሳነዋል። በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳትም አየር ሲያጡ ኦክስጅንን ከናይትሬት ላይ ይወስዳሉ፤ የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ይህንን ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ መበተን የገበሬውን ዕዳ ከማብዛት በቀር ብዙ ፋይዳ የለውም። በየሪፖርቱ የተከፋፈለው ማዳበሪያ በኩንታል ሲገለጽ የተቆፈረው ቦይ አለመጠቀሱም ሊታሰብበት ይገባል።

ምርመራው አካፋ ብቻ ይጠይቃል። አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ውኃ ካቆረ፣ ወይም አፈሩ ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ከታየበትና መጥፎ ሽታ ካለው፣ ችግሩ ውኃው ነው።

መፍትሔው ለገበሬዎቻችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ከዘር በኋላ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው ያወጣሉ፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ በስፋት የተሞከረው ይህንኑ ድካም ለማቃለል ነው። በሌሎች ደጋማ ቀበሌዎች ፈሰስ ይወጣል። ፈሰስ በጣም ቁልቁል ከሆነ አፈር ይጠርጋል፤ ስለዚህ በዝግታ እንዲወርድ አግድም መያዝ፣ መውጫውም ሣር የበቀለበት መሆን አለበት። የአንዱ ማሳ ውኃ በጎረቤቱ ማሳ ላይ እንዳይለቀቅ ደግሞ ሥራው በመንደር ስምምነት ይሠራ።

ዩሪያው በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ግማሹ በዘር ጊዜ፣ ግማሹ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ማለትም ከአንድ ወር ጥቂት አልፎ፣ ከሽልሻሎ ጋር አብሮ ይሰጥና በአፈር ይሸፈን። ላይ ላዩን የቀረ ዩሪያ ይተናል። ማሳው ውኃ ተኝቶበት ከቆየ ሁለተኛው ድርሻ ውኃው ጠንፍፎ አፈሩ አየር እስኪያገኝ ይዘግይ፤ ኃይለኛ ዝናብ በሚያንዣብብበት ዕለትም አይሰጥ።

ውኃው በቦይ ሊወጣ የማይችል ረባዳ መሬት ለበቆሎ ባይመደብ ይሻላል። በፎገራ ሜዳ እንዲህ ያለው መሬት የሩዝ ማሳ ሆኗል።