የገደል ማሚቶ በሣጥን ውስጥ፦ ስለ ድምፅ ማቀነባበሪያ መሣሪያና ስለ ፕሪሴቶቹ አጭር ትምህርት



የደብረ ታቦርን በዓል ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር ከተማ ያሳለፈ ሰው የጅራፉን ጩኸት አይረሳም። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲወረወር አየሩን ይሰነጥቀዋል፤ ጩኸቱም ከኮረብታው ጋር ተላግቶ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። አባቶች ይህንን ጩኸት በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ ከመጣው ድምፅ ጋር ያያይዙታል። ያ ድምፅ ደቀ መዛሙርቱን ያዘዛቸው ልጁን እንዲሰሙት ነበር። የዚህ እትም ትምህርታችንም ስለ መስማት ነው።

ዛሬ በብዙ ቁምስናዎችና በወጣት መዘምራን ማኅበራት ዘንድ ድምፅ ማጉያና ሚክሰር ይገኛል። ከሚክሰሩም ውስጥ ወይም ከጎኑ ድምፅን የሚያስተጋባ ዲጂታል መሣሪያ አለ። መሣሪያው በቁጥር የተደረደሩ ዝግጁ ቅንብሮች፣ በባለሙያዎች አነጋገር «ፕሪሴቶች»፣ ይዟል። ብዙውን ጊዜ አንድ ወጣት ቁጥሩን ያዞርና ድምፅን ከሁሉ ይበልጥ የሚያገዝፈውን መርጦ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ መዝሙሩም፣ ንባቡም፣ ስብከቱም፣ ማስታወቂያውም በዚያው ቁጥር ያልፋል። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አረጋዊት እናት ቀርበው፦ «አባ፣ ድምፅዎ እንደ ነጐድጓድ ነው፤ ቃልዎ ግን አልደረሰኝም» ብለውኛል። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የእኚህ እናት ንግግር ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ማሚቶና ማስተጋባት

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 170 ሜትር ከሚርቅ ገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ አንድ ሴኮንድ ይጠብቃል። ሕዝባችን ይህንን የገደል ማሚቶ ይለዋል፤ በሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ «ኢኮ» ወይም «ዲሌይ» ተብሎ ይጻፋል። መለያው ድምፁ ራሱን ችሎ መደገሙ ነው።

በቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ግድግዳውና ጣሪያው ቅርብ ስለሆኑ የሚመለሱት ድምፆች እጅግ ብዙዎችና ተከታታዮች ናቸው። ጆሮአችን ከ50 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም ከሴኮንድ አንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ የሚመለሰውን የንግግር ድምፅ ከዋናው ለይቶ አይሰማውም፤ ከእርሱ ጋር አንድ አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያ የሚዘገየው ደግሞ እንደ ጭራ ሆኖ ዋናውን ድምፅ ይከተላል። ይህ «ሪቨርብ» ወይም ማስተጋባት ይባላል።

አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ከ1895 ጀምሮ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ለምን እንደማይሰማ መርምሮአል። ሌሊት ሌሊት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ ሲደረድር የማስተጋባቱ ጊዜ እያጠረ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ከዚህም ዛሬ የምንጠቀምበት ቀመር ተገኘ፤ የማስተጋባት ጊዜ 0.161 በክፍሉ ይዘት ተባዝቶ ድምፅን ለሚመጥጠው ስፋት ሲካፈል ይገኛል።

ለምሳሌ 20 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 6 ሜትር ቁመት ያለው የጸሎት ቤት 1,200 ሜትር ኩብ ይዘት አለው። ባዶውን ሳለ ድምፅ የሚመጥጠው ስፋት 100 ካሬ ሜትር ቢሆን ማስተጋባቱ 1.9 ሴኮንድ ይቆያል። 200 ምእመናን ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ለብሰው ሲገቡና እያንዳንዳቸው ግማሽ ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሲጨምሩ ጊዜው ወደ አንድ ሴኮንድ ይወርዳል። ቅዳሜ ማታ በባዶ ቤት የተስተካከለው ድምፅ እሑድ ጠዋት ሌላ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ተራራው ወደ ሣጥን የገባበት መንገድ

ድምፅ ቀራጮች ማስተጋባትን በፈቃዳቸው ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በ1947 አሜሪካዊው ቢል ፑትናም የመታጠቢያ ክፍልን እንደ ማስተጋቢያ ክፍል ተጠቅሞ ነበር። በ1957 ኢ.ኤም.ቲ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ ትልቅ የብረት ሉህ የሚንቀጠቀጥበት መሣሪያ አወጣ፤ ክብደቱ ሩብ ቶን የሚያህል ነበር። በዛሬው መሣሪያ ላይ «ፕሌት» የሚለው ስም ያን የብረት ሉህ ያስታውሳል።

ማንፍሬድ ሽሮደር የተባለው ሳይንቲስት በ1961ና በ1962 ባወጣቸው ጥናቶች ማስተጋባትን በሒሳብ ብቻ መፍጠር እንደሚቻል አሳየ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መሣሪያው ድምፁን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ለምሳሌ በሲዲ ልኬት 44,100 ጊዜ። ቁጥሮቹን በማኅደረ ትውስታው ለጥቂት ጊዜ ያቆያቸዋል፤ ከዚያም እየቀነሰ ደጋግሞ ከዋናው ድምፅ ጋር ይቀላቅላቸዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ አዳራሽ የለም፤ ያለው መዘግየትና መቀነስ ነው። በ1976 ኢ.ኤም.ቲ. 250 የተባለው ዲጂታል የማስተጋቢያ መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ያማሃ ኤስ.ፒ.ኤክስ. 90ን በመሳሰሉ ዋጋቸው በቀነሰ መሣሪያዎች አማካይነት ጥበቡ ወደ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ወረደ።

3. ፕሪሴት ምንድን ነው?

ከላይ የተጠቀሰው ያማሃ 90 የማኅደር ቁጥሮች ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ 30 በፋብሪካው የተዘጋጁና የማይለወጡ ሲሆኑ የቀሩት 60 ባለቤቱ የራሱን ቅንብር የሚያስቀምጥባቸው ባዶ ሥፍራዎች ነበሩ። ፕሪሴት ማለት እንግዲህ የማስተጋባቱ ርዝመት፣ የመዘግየቱ መጠን፣ የቀጭኑና የወፍራሙ ድምፅ ሚዛን በአንድነት ተወስነው በአንድ ቁጥር ወይም ስም የተቀመጡበት ነው። ቁጥሩን መጥራት የሌላ ሰውን ጆሮና ውሳኔ መጥራት ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በደቡብ ጎንደር በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ አለ፤ በዙር አምባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት ይማሩበታል። በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። አንዲት ምልክት ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ሐረግ በሙሉ ትጠራለች። ከመምህሩ አፍ በጆሮው ላልተማረ ሰው ግን ምልክቷ ቀለም ብቻ ናት። ፕሪሴትም እንዲሁ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ላላወቀ ሰው ቁጥር ብቻ ነው፤ ላወቀው ግን አጭር መንገድ ነው።

ልዩነቱንም ልብ እንበል። ምልክቷ የምትጠራው የቤተ ክርስቲያኒቱን የራሷን ዜማ ነው። «ሆል» የሚለው ፕሪሴት የሚጠራው ግን በሌላ አገር ሰው ለሌላ ሙዚቃ የታሰበውን አዳራሽ ነው። ለእኛ ከበሮ፣ ለጽናጽል፣ ለበገናና ለማሲንቆ ይስማማ እንደሆነ የሚፈርደው የራሳችን ጆሮ ነው።

4. ለአገልግሎት የሚረዱ ነጥቦች

ሀ. ለንባብና ለስብከት፦ መሣሪያውን መዝጋት ይሻላል። ቤቱ ራሱ ያስተጋባልና በላዩ መጨመር ቃልን በቃል መሸፈን ነው። ቤቱ እጅግ ደረቅ ከሆነ ከአንድ ሴኮንድ ያልበለጠ ማስተጋባት በጥቂቱ መቀላቀል ይበቃል። ኢኮ ግን በፍጹም አያስፈልግም።

ለ. ለመዝሙር፦ ከ1.5 እስከ 2.5 ሴኮንድ የሚደርስ ማስተጋባት ድምፆችን ያስተባብራል። ዜማው ሲፈጥን ጊዜው ይጠር፤ ሲረጋ ሊረዝም ይችላል።

ሐ. «ፕሪ ዲሌይ» የሚለው ማስተካከያ ማስተጋባቱ ከዋናው ድምፅ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚጀምር ይወስናል። ከ20 እስከ 40 ሚሊሴኮንድ ቢደረግ የቃሉ መጀመሪያ ፊደል ጠርቶ ይወጣል።

መ. ወፍራሙ ድምፅ ከ200 ኸርዝ በታች ወደ ማስተጋቢያው እንዳይገባ ቢቆረጥ የከበሮው ምት አይደፈርስም፤ የበገናውም ድምፅ አይታፈንም።

ሠ. ኢኮን ከምት ጋር ማስማማት ለሚፈልግ 60,000ን በደቂቃ ውስጥ ላለው የምት ቁጥር ያካፍል። በደቂቃ 80 ምት ላለው መዝሙር 750 ሚሊሴኮንድ ይሆናል።

ረ. የተስተካከለው ቅንብር በባዶው ሥፍራ ተቀምጦ «ንባብ»፣ «መዝሙር»፣ «በገና» ተብሎ ይሰየም፤ በደብተርም ይመዝገብ። ወጣቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ይህ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ አንድ ፈተና አለ። አንድ ሰው ከቤቱ መጨረሻ ቆሞ ያልሰማውን ምንባብ እንዲያዳምጥ ማድረግና ምን እንደሰማ መጠየቅ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ድምፁ ያልተለየ መለከት ሠራዊትን እንደማያነሣ አስተምሮአል። የኋላው ሰው ቃሉን መልሶ መናገር ካልቻለ ድምፁ ምንም ቢያምር ሥራው አልተሠራም።

5. የጋፋት ትምህርት

በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መሥሪያ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና ሌሎች ባለሙያዎችን በዚያ አሰባስበው መድፍ አሠሩ፤ ከእነርሱ ጋር ኢትዮጵያውያንም ሠርተዋል። ሰባት ቶን የሚያህለው ሴባስቶፖል በ1867 ተሠርቶ በብዙ ሰው ጉልበት ተራራ እያቋረጠ ወደ መቅደላ ተጓዘ። በሚያዝያ 1868 ንጉሠ ነገሥቱ ዐረፉ፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ብረቱ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ የጋፋት እሳት ግን ጠፋ።

መሣሪያን መግዛትና ጥበብን መውረስ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ከየት ይገኛል? በሌላ በኩል ጥበብን የራስ ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌም አለን። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባወጣው ካሴት አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ የአገሩን ዜማ ተጫውቷል። መሣሪያዎቹ የውጭ ነበሩ፤ ቅኝቱ ግን የእኛው ነበር።

ለእኛም መንገዱ ክፍት ነው። በ1999 ሶኒ የእውነተኛ ሥፍራዎችን ማስተጋባት ተቀድቶ እንዲባዛ የሚያደርግ መሣሪያ አወጣ፤ ዛሬ ይህን ሥራ ተራ ኮምፒዩተር ይሠራዋል። በአንድ ሥፍራ አጭርና ብርቱ ድምፅ ይሰማል፤ የሚከተለው ጭራ ይቀዳል፤ ከዚያም ማንኛውም ድምፅ በዚያ ሥፍራ እንደተሰማ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ ፊኛ ማፈንዳት ይበቃል፤ የጅራፍ ጩኸትም መነሻ ሊሆን ይችላል። ወጣቶቻችን በየአካባቢያቸው ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዋሻዎችና አዳራሾች አስፈቅደው ቢቀዱ የራሳችን ፕሪሴቶች ስብስብ ይኖረናል። ይህንንም ለታናናሾቻቸው ቢያስተምሩ እሳቱ አይጠፋም።

እኚያ እናት ግን ስብስቡን ሳይጠብቁ በሚቀጥለው እሑድ ቃሉን ሊሰሙ ይገባቸዋል። ለዚህ አንድ ቁልፍ መዝጋት ይበቃል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማሚቶና በማስተጋባት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የጸሎት ቤታችሁን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለኩ። ባዶ ሲሆንና ሰው ሲሞላበት ድምፁ እንዴት ይለያያል?
3. በማኅበራችሁ የድምፅ መሣሪያውን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? እርሱ ባይኖር ማን ይተካዋል?
4. ከኋላ የሚቀመጡትን አረጋውያን ስለሚሰሙት ነገር መቼ ጠየቃችኋቸው?