በአገራችን ስም ስለምትጠራው ድመት

በአውሮፓና በአሜሪካ ድመት የሚያረቡ ሰዎች አቢሲኒያን ብለው የሚጠሩአት ድመት አለች። አቢሲኒያ ፈረንጆች ቀድሞ ኢትዮጵያን ይጠሩበት የነበረ ስም ነውና፥ ይህን የሰማ ተማሪ ድመቲቱ ከአገራችን የወጣች ናትን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መምህሩም አዎን ብሎ ከመመለሱ አስቀድሞ ነገሩን መርምሮ ሊያውቀው ይገባል።

ድመቲቱ ቁመናዋ ሸንቃጣ፥ እግሯ ቀጭን፥ ጆሮዋ ትልቅ ነው፤ ዓይኗም ወርቅማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያው ኩል የተኳለ ይመስላል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ዕረፍት የላትም፤ ከፍ ካለ ቦታ መውጣትና ያየችውን ሁሉ መፈተሽ ትወዳለች። ከሁሉ ይልቅ የምትለየው በጠጉሯ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ መስመርና ነጠብጣብ የሌለው ይመስላል፤ አንዲቱን ጠጉር ብቻ ነጥለው ወደ ብርሃን ቢያዩአት ግን ከሥሯ ፈዘዝ ያለች፥ ከዚያ በላይ ቀይና ጥቁር እየተፈራረቀባት ጫፏ የጠቈረ ሆና ትገኛለች። የዱር ጥንቸል ቆዳ በመንደሩ የተገኘ እንደ ሆነ መምህሩ ከዚያ ጥቂት ጠጉር ወስዶ ያሳይ፤ የጠጉሩ ሥራ ተመሳሳይ ነውና ተማሪዎቹ ከብዙ ንግግር ይልቅ በዓይናቸው አይተው ይረዱታል። እንግሊዞችም ስለዚሁ ቀድሞ ጥንቸል ድመት ይሉአት ነበር።

የስሟ ነገር እንዲህ ነው። በ1860 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በፈረንጆች ከ1867 እስከ 1868፥ በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወደብ ወርዶ እስከ መቅደላ ዘመተ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያ ሞቱ። ጦሩ ሲመለስ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ይዞ ሄደ። ከዚህ በኋላ በ1874 (ይህና ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ፥ የአንድ መኰንን ሚስት ዙላ የምትባል ድመት እንዳላትና ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ እንደ መጣች ከሥዕሏ ጋራ አወጣ። ለስሙ የቆመው ዋናው ምስክር ይህ ነው። በሥዕሉ ያለችው ዙላ ግን ጆሮዋ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ያሉት ድመቶች ከእርሷ ለመወለዳቸውም የትውልድ መዝገብ አልተገኘም።

በሌላ ወገን በሆላንድ አገር በሌይደን ቤተ መዘክር፥ ጠጉሩ እንደዚህ የሆነ፥ በ1830ዎቹ ዓመታት የገባ፥ ቆዳው ተሞልቶ የተቀመጠ ድመት አለ፤ የተጻፈበትም ቃል አገሩ ሕንድ ነው ይላል። ይህ ከመቅደላ ዘመቻ ሠላሳ ዓመት ያህል ይቀድማል። በዘመናችንም ሊቃውንት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰውን ዲኤንኤ የተባለውን ነገር መርምረው፥ ዘሯ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ካሉ ድመቶች ጋራ እንደሚቀራረብ አገኙ። ድመት ደግሞ አይጥ እንድትይዝ በመርከብ መጫኗ የታወቀ ነው፤ የናፒየርም ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነበርና ዙላ ራሷ ከሕንድ ተሳፍራ መጥታ ይሆናል። መርጠው እያገናኙ ዛሬ ያለውን መልክ ያወጡላት ግን እንግሊዞች ናቸው። ስለዚህ ስሙ የኛ፥ ዘሩ ግን ከሌላ ነው።

ከ1939 እስከ 1945 በነበረው ታላቅ ጦርነት ምግብ ስለ ታጣ በእንግሊዝ አገር ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ዘር ከጥቂት ወላጆች ሲራባ ደግሞ ተሰውሮ የሚተላለፍ ደዌ በቶሎ ይገናኛል። በዚህች ድመትም እንዲህ ያለ ደዌ ተገኘ፤ ግልገሏ እያየች ታድግና ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ዓይኗ መድከም ይጀምራል፥ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ፈጽሞ ይጠፋል። ክሪስቲና ናርፍስትረም የተባሉ የስዊድን የእንስሳት ሐኪም ይህን ደዌ ብዙ ዘመን አጠኑ፤ በ2007ም ምክንያቱ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሲናሞን የምትባል የዚሁ ዘር ድመት ከድመቶች ሁሉ አስቀድሞ ዲኤንኤዋ ተነቦ ታተመ። በድመቲቱ የተበላሸው ያው የውርስ ክፍል በሰው ሲበላሽ ሕፃናትን ያሳውራልና፥ የዓይን ሐኪሞች ከእርሷ የሚማሩት ብዙ ነው። አርቢዎቹም ዛሬ ወንዱንና ሴቲቱን ከማገናኘታቸው በፊት ያስመረምራሉ፤ ሁለቱም ደዌውን ተሸክመው ከተገኙ፥ ራሳቸው ደኅና ቢያዩም፥ ከአራት ግልገሎቻቸው አንዱ ያህል ዕውር ይሆናል።