ከበከራው በፊት ገመዱን፦ ለውድድር ጀልባዎ ዕቃ ሲመርጡ ማወቅ ያለብዎ

የባለሸራ ጀልባ ውድድርን ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ነገሩ የነፋስና የሸራ ጨዋታ ይመስላል። ጀልባዋ ላይ ለተቀመጠው ግን ሥራው ሁሉ የገመድ ነው። ድሮ ሌዘር ትባል የነበረችውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በኦሊምፒክ የምትወዳደረው ኢልካ 7 በአንድ ሰው ነው የምትነዳው፤ ሸራዋ ግን 7.06 ካሬ ሜትር ነው። ነፋስ ሲበረታ ነጂው አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ያንን ሸራ የሚገራውን ገመድ ይዞ፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ ተንጋሎ ይቆያል። እጅ ደከመ ማለት ሸራ ተለቀቀ፣ ሸራ ተለቀቀ ማለት ደግሞ ጀልባዋ ወደ ኋላ ቀረች ማለት ነው።

በእጅና በሸራው መካከል ገብቶ ሸክሙን የሚካፈለው ባለ ራቼት በከራ ነው። አሠራሩን ለመረዳት የብስክሌት የኋላ ጎማ ያስታውሱ፤ ወደ አንድ በኩል ቀጭ ቀጭ እያለ በነጻ ይዞራል፣ ወደ ሌላው በኩል ግን ጥርሱ ይይዛል። በከራውም እንደዚያው ነው። ገመዱን ወደ ራስዎ ሲስቡ ይዞራል፤ ሸራው መልሶ ሊነጥቅዎ ሲል ጎማው ቀጥ ይላል። ያኔ ገመዱ በቆመውና ጠርዝ ጠርዝ ባለው ጎማ ላይ እየታከከ ካልሆነ በቀር መሄድ አይችልም። ለእጅዎ የሚያግዘው ያ ሰበቃ ነው።

የመጀመሪያዋን አሮጌ ጀልባዬን የገዛሁ ጊዜ ካታሎግ ከፍቼ ትልቁንና ውዱን በከራ መረጥሁ። ገጥሜው ውኃ ላይ ስወጣ እጄ እንደ ድሮው ዛለ። በከራው ምንም አልጎደለውም ነበር፤ እኔ የገጠምሁበት ቦታ ገመዱን እምብዛም አያጥፈውም ነበርና የሚታከክበት ነገር አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምመርጠው ከገመዱ ተነሥቼ ነው። በዙሪክ ሐይቅም ይሁን በሚሺጋን፣ ወይም በሃይፋ ባሕር ዳር ጀልባ ለማሰናዳት ካሰቡ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ይመልሱ።

1. ይህ ገመድ ምን ይሠራል?

ወረቀት ይያዙና በጀልባዋ ላይ ያሉትን ገመዶች አንድ በአንድ ይጻፉ። ከዚያ ለሁለት ይክፈሏቸው። አንደኛው ወገን ውድድሩ እስኪያልቅ ከእጅ የማይወጣ ነው፤ የዋናው ሸራ ገመድ፣ ሁለት ሰው በሚነዳት ጀልባ ላይ ደግሞ የፊት ሸራውና ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚዘረጋው ትልቅ ሸራ የስፒናከሩ ገመዶች። ሁለተኛው ወገን አንዴ ተስተካክሎ የሚተው ነው፤ ሸራ መስቀያው፣ ቡሙን (የሸራውን ታችኛ ጠርዝ የሚይዘውን አግዳሚ) ወደ ታች የሚይዘው ቫንግ፣ የሸራውን ሆድ የሚያጠብቡትና የሚያሰፉት ማስተካከያዎች።

ራቼት የሚገባው ለመጀመሪያው ወገን ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ለሚመላለሰው ገመድ ባለ ኳስ ኩሽኔታ በከራ ይሻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ፒተር ሃርከን በብረት ኳስ ፈንታ የፕላስቲክ ኳስ በበከራ ውስጥ ሲጠቀም የጀልባ ዕቃ መልኩ የተለወጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ በጨው ውኃ አይዝግም፣ ግራሶም አይፈልግም። ሆኖም በከባድ ሸክም ሥር ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ሊጠፈጠፍ ይችላል። ስለዚህ ተወጥሮ ለሚቆይ ገመድ ኳስ የሌለው ጠንካራ በከራ፣ ገመዱ በጥቂቱ ብቻ ለሚታጠፍበት ቦታ ደግሞ ለስላሳ የአሉሚኒየም ቀለበት ይበቃል። ቀለበቱ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የሚሰበርም የለውም፤ ዋጋውም ያነሰ ነው።

2. የውድድሩ ሕግ ይፈቅዳል?

አንዳንድ የጀልባ ዓይነቶች ሁሉም ተወዳዳሪ በተመሳሳይ ዕቃ እንዲወዳደር የሚያስገድድ ጥብቅ ሕግ አላቸው። በኢልካ ሕግ በግልጽ ያልተፈቀደ ለውጥ ሁሉ የተከለከለ ነው። ፋይቭ-ኦ-ፋይቭን በመሰሉ ጀልባዎች ላይ ግን የዕቃው አደራደር በአብዛኛው ለባለቤቱ የተተወ ነው። የዓመቱን ሕግ አውርደው ስለ በከራና ስለ ገመድ መያዣ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ። ሻጩ «ሁሉም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው» ቢልዎ ጀልባዎ በሕጉ መሠረት በሚለካበት ቀን አያድንዎትም።

3. ገመዱ በከራው ላይ ምን ያህል ይዞራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ በከራ፣ ገመዱ ግማሽ ዙር ማለትም 180 ዲግሪ ሲዞርበት፣ አሥር ለአንድ ይይዛል እንበል። ሸራው በ20 ኪሎ ቢስብ እጅዎ ላይ የሚደርሰው 2 ኪሎ ነው። ያንኑ በከራ ገመዱ 90 ዲግሪ ብቻ እንዲዞርበት አድርገው ቢገጥሙትስ? «ጥምጥሙ በግማሽ ስለቀነሰ አምስት ለአንድ ይይዛል» ብለው አይገምቱ። ሰበቃ ከጥምጥሙ ጋር እየተባዛ እንጂ እየተደመረ አይሄድም፤ የሚቀርልዎ የአሥር ስኩዌር ሩት፣ ሦስት ለአንድ ገደማ ነው። እጅዎ አሁን ከ6 ኪሎ በላይ ይይዛል። በጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚታጠፍ ገመድ ላይ ራቼት መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

መፍትሔው ሁልጊዜ ሌላ በከራ መግዛት አይደለም። ቦታውን ትንሽ ማዛወር ወይም ገመዱ ከሌላ አቅጣጫ እንዲገባ ማድረግ ውድ ዕቃ ያልሰጠዎትን ሊሰጥዎ ይችላል።

4. በእጅ የሚበራ ወይስ በራሱ የሚይዝ?

ነፋስ ሲደክም ራቼት ጠላት ይሆናል። ሸራው የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ገመዱ በቆመው ጎማ ላይ አልንሸራተት ይላል፤ ሸራውን ሲለቁለትም አይከፈትም። ስለዚህ ራቼቱ የሚጠፋበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

በእጅ የሚበራው ቁልፍ አለው። ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ቁልፉን ለመንካት ማጎንበስ ያስፈልጋል፣ ገመዱ ተወጥሮ ሳለም እሺ አይልም። በራሱ የሚይዘው በውስጡ ሞላ አለው፤ ሸክሙ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ይይዛል፣ ሲቀንስ ይለቃል። በአንዳንዶቹ ላይ ያን ልክ በትንሽ ብሎን ማጥበቅና ማላላት ይቻላል።

ለዋናው ሸራ ሁለቱም ይሆናሉ፤ አንድ ቀን ሙሉ በጠንካራ ነፋስ የሚወዳደር ሰው በእጅ የሚበራውን ቢመርጥ አይጎዳም። ለስፒናከር ግን በራሱ የሚይዘውን ይምረጡ። ጀልባዋ ነፋስን ከኋላ ይዛ አቅጣጫ ስትለውጥ ያ ትልቅ ሸራ ወደ ሌላው ጎን ማለፍ አለበት፤ በዚያች ቅጽበት የተለቀቀው ገመድ ሳይያዝ መሮጥ አለበት፣ ቁልፍ የሚነካ ትርፍ እጅም የለም።

5. ገመዱና ጎማው ይስማማሉ?

በእጅ ለሚያዝ ገመድ በትናንሽ ጀልባዎች ላይ የተለመደው ውፍረት ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ነው። የቀጠነው ቀላል ነው፤ ውኃም አይሸከምም፤ ግን መዳፍ ይቆርጣል፣ በጎማው ጠርዞችም በደንብ ላይያዝ ይችላል። የወፈረው ለእጅ ይመቻል፤ በጠባብ በከራ ውስጥ ግን ይጨናነቃል። አምራቹ ለበከራው የሚፈቅደውን ውፍረት ያነጻጽሩ። የሚቻል ከሆነ የያዙትን ገመድ ቁራጭ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ።

ገበያ ላይ በብዛት የሚያገኟቸው ባለ ራቼት በከራዎች ጎማቸው 40 ወይም 57 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ነው። ትልቁ ገመዱን በለዘበ መታጠፊያ ያዞረዋል፣ ሲስቡም ይቀላል፤ ትንሹ ቦታ አይፈጅም፣ ክብደትም ይቆጥባል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁ፦ ጠርዝ ያለው ጎማ የገመዱን ልባስ ይበላል። ገመዱን በየጊዜው ጫፉን ከጫፉ ገልብጠው ቢያስገቡት ዕድሜው ይረዝማል።

6. ሸክሙን ከነማዕዘኑ አስልተዋል?

በዕቃው ላይ ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ አንዱ የሥራ ሸክም፣ ሌላው የሚሰበርበት ሸክም። ምርጫዎን በመጀመሪያው ላይ ያድርጉ። ደግሞ በከራው የሚሸከመው የገመዱን ውጥረት ብቻ አይደለም። ገመዱ 60 ዲግሪ ቢታጠፍ በከራው ላይ የሚያርፈው ከውጥረቱ ጋር እኩል ነው፤ 90 ዲግሪ ቢታጠፍ 1.4 እጥፍ፤ 180 ዲግሪ ዞሮ ቢመለስ ሁለት እጥፍ። በ50 ኪሎ የተወጠረ ገመድ ግማሽ ዙር ከዞረ በከራውና ሥሩ ያለው ወለል 100 ኪሎ ይሸከማሉ ማለት ነው። ቁጥር 3 ላይ ለመያዝ ያገዘዎት ጥምጥም እዚህ ላይ ዋጋውን ይጠይቃል።

7. ክሊቱ ከተንጋለሉበት ሆነው ይለቃል?

ክሊት ገመድን ነክሶ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሁለት የሚዞሩ ጥርሳም መንጋጋዎች ያሉት ለእጅ ገመድ ይመቻል፤ ምንም የማይንቀሳቀስ አካል የሌለውና ገመዱ በሾጠጠ ቦይ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ደግሞ ለማስተካከያ ገመዶች በቂ ነው።

ዋናው ጥያቄ ማዕዘኑ ነው። ወደ ውጭ ተንጋለው ሳሉ ገመዱን ወደ ታች ሲጫኑት መግባት፣ አንዴ ወደ ላይ ነጠቅ ሲያደርጉት መውጣት አለበት። ድንገት ሽውታ ሲመጣ ከክሊት ያልወጣ የዋና ሸራ ገመድ ጀልባዋን ይገለብጣታል። ማዕዘኑ ካልተስማማ ከሥሩ ሽብልቅ ያስገቡ፤ በጀልባዋ መሐል ለሚቆመው በከራ ደግሞ ወደ ተቀመጡበት ጎን የሚዞር መሠረትና በከራውን ቀና አድርጎ የሚይዝ ሞላ ይፈልጉ።

8. ከሥሩ ምን አለ?

ጥሩ በከራ በደካማ ወለል ላይ ዋጋ የለውም። ከፍ ያለ ሸክም ያለበትን ዕቃ በቪቴ ሳይሆን ከሥር በሚታሰር ቡሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይላላ ዳዶ ይግጠሙት፤ ከሥሩም ሸክሙን የሚያሰራጭ ሳህን ያድርጉ። እጅዎ ከሥር የማይደርስ ከሆነ መጀመሪያ መግቢያ ቀዳዳ ያስቡ።

ወለሉ በሁለት ፋይበርግላስ መካከል ስፖንጅ መሳይ ወይም እንጨት ያለበት ከሆነ፣ ቀዳዳውን ሰፋ አድርገው ይቆፍሩ፣ በኢፖክሲ ይሙሉት፣ ሲደርቅ በልኩ እንደገና ይቆፍሩ። እንዲህ ካልሆነ ውኃ ገብቶ ከውስጥ ያበሰብሰዋል፣ ቡሎኑም ሲጠብቅ ወለሉን ያደቀዋል። አሉሚኒየም ምሰሶ ላይ ስቴንለስ ሲገጥሙ በመካከላቸው የሚለይ ቅባት ያድርጉ፤ ሁለቱ ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ለምሰሶው ሪቬት፣ ሞኔል የተባለው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ይመረጣል። በሐይቅ ብቻ የሚነዱ ከሆነ ይህ ችግር ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

9. ያገለገለ ከሆነ በጣትዎ አይተውታል?

ያገለገለ በከራ መግዛት ነውር የለውም፤ ምርመራ ግን ይፈልጋል። ጎማውን በጣት ያሽከርክሩት፤ መንገጫገጭ የለበትም። ወደ ጎን ያንቀሳቅሱት፤ ብዙ ከተንገዳገደ ኳሶቹ ተበልተዋል። የጎማው ጠርዞች ለስልሰው ከሆነ ራቼቱ ቢሠራም አይይዝም። ፕላስቲኩ ነጭቶ ዱቄት የሚተው ከሆነ ፀሐይ በልቶታል። ገዝተው ሲያበቁ ደግሞ እንክብካቤው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ግራሶ አሸዋና ጨው ይሰበስባልና ኳሶቹ ውስጥ አይጨምሩ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

በጀትዎ ለሁሉም ካልበቃ መጀመሪያ የዋናውን ሸራ በከራ፣ ቀጥሎ የስፒናከሩን፣ ከዚያ ክሊቶቹን ይግዙ። ተስተካክለው የሚተዉት ገመዶች በቀለበትና በርካሽ በከራ ሊጠብቁ ይችላሉ።

ከመቆፈርዎ በፊት ደግሞ ጀልባዋን ደረቅ መሬት ላይ ያቁሙና ሸራውን ይስቀሉ። በከራውን ሊገጥሙት ባሰቡት ቦታ ላይ በገመድ አጥብቀው ይሰሩት። ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፣ ይንጋለሉ፤ ጓደኛዎ ቡሙን ይዞ በጉልበቱ ይሳብ። ገመዱ ምን ያህል እንደሚዞር፣ ክሊቱ እንደሚለቅ፣ እጅዎ ላይ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ያኔ ያውቃሉ። አሁን ገመዱን ወደ ራስዎ ይሳቡት። ቀጭ ቀጭ ካላለ ወይ ራቼቱ አልበራም ወይ በከራው ተገልብጦ ነው የታሰረው፤ ያስተካክሉት። ቀጭ ቀጭ ካለ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ትራፓኖውን ያንሱ።