ባዕዳን ተማሪዎች የሠሯቸው ሁለት ከተሞች፤ ቦሎኛና ፓዱዋ



የዕረፍት ወራት ሲቃረብ ከማኅበራችን አባሎች አንዳንዶቹ፣ ከኪስ ገንዘባቸው ባጠራቀሟት ጥቂት ብር ባሕሩን ተሻግረው ኢጣልያን ለማየት ያስባሉ። በመጀመሪያ የሚታሰቡት ሮማ፣ ፊሬንዜና ቬኒስ ናቸው። ስለ እነዚህ ብዙ ተጽፏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማወዳደር የምንፈልገው ብዙ መንገደኛ በባቡር መስኮት አይቷቸው የሚያልፋቸውን ሁለት ከተሞች፣ ቦሎኛንና ፓዱዋን ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱን በሁለት ቀን አይቶ መጨረስ ይቻላል።

የጉብኝት መጻሕፍት ከተሞችን የሚያወዳድሩት በግንባቸው፣ በሥዕላቸውና በምግባቸው ነው። እኛም እነዚህን እናነሣለን። ዋናው መለኪያችን ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «በዚህ ከተማ ባዕድ ሰው ምን ቦታ ነበረው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለቱን ከተሞች ስመ ጥር ያደረጓቸው ዩኒቨርስቲዎቻቸው ናቸው፤ ዩኒቨርስቲዎቹን በማቋቋም ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። በሰው አገር ለምንማር ለእኛ ይህ ጉዳይ ተራ ታሪክ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ማኅበሩ ከትምህርት ቤቱ ቀደመ

የቦሎኛ ዩኒቨርስቲ ተቋቋመ ተብሎ የሚታሰበው በ1088 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ግን ዛሬ ዩኒቨርስቲ ስንል የምናስበው ሕንፃ፣ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ዲን አልነበረም። የነበሩት በየቤታቸው ሕግ የሚያስተምሩ መምህራንና ከአልፕስ ተራሮች ማዶና ከልዩ ልዩ የኢጣልያ አገሮች እየመጡ የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች በከተማው ሕግ ፊት ባዕዳን ስለነበሩ የዜጋ መብት አልነበራቸውም። በዘመኑ ልማድ አንድ የአገራቸው ሰው ተበድሮ ቢጠፋ፣ ባለዕዳው ካልተገኘ ከዚያው አገር የመጣ ሌላ ሰው ሊያዝና ንብረቱን ሊቀማ ይችል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በ1158 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ፣ ለትምህርት የሚጓዙ ሰዎች በሌላው የአገራቸው ልጅ ዕዳ እንዳይያዙ ከለከለ። የተማሪ መብት ጥንታዊ ከሆኑት ሰነዶች አንዱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ በወረቀት የተሰጠ መብት ተከታታይ ይሻል። ስለዚህ ባዕዳኑ ተማሪዎች በየትውልድ አገራቸው «ናስዮ» የሚባል ጓድ እየመሠረቱ፣ ጓዶቹም ተሰባስበው ትልቅ ማኅበር አቆሙ። የዚህ ማኅበር ስም በላቲን «ዩኒቨርሲታስ» ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዛሬ ዩኒቨርስቲ የምንለው ቃል በቦሎኛ መጀመሪያ የተሰጠው ለተማሪዎቹ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ከተማሪዎች መካከል ሬክቶር ይመርጣል፤ የቤት ኪራይ ዋጋ እንዲወሰን ይደራደራል፤ ለመምህራን ይከፍላል። መምህሩ ዘግይቶ ቢጀምር ወይም ከሰዓቱ አሳልፎ ቢያስተምር ይቀጣል፤ ከከተማው ለመውጣትም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ጓዶቹ የታመመ አባላቸውን ይጠይቁ፣ የሞተባቸውንም ይቀብሩ ነበር። ይህን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በእኛ ቋንቋ ዕድር ማለት ነው።

ፓዱዋም የተወለደችው ከዚህ ነው። በ1222 ዓ.ም. ከቦሎኛ ከተማ አስተዳደር ጋር ያልተስማሙ መምህራንና ተማሪዎች ለቀው ሄደው በፓዱዋ ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ዘመን ዩኒቨርስቲው የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው አድማ ማለት ጓዝን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበር። በቦሎኛ የተማሪዎቹ ሥልጣን የተዳከመው ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ከተማው የመምህራንን ደመወዝ እየከፈለ ሲሄድ ነው። ከፋዩ ሲለወጥ አዛዡም ተለወጠ።

2. ሁለቱ ከተሞች በጎብኚ ዓይን

ቦሎኛ የእግረኛ ከተማ ናት። በመላው ከተማ 62 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን፣ በዓምዶች የተደገፈና ጣራ ያለው የእግር መንገድ አላት፤ ፖርቲኮ ይሉታል። ዝናብም ሆነ ፀሐይ ሳይነካው ሰው ቀኑን ሙሉ ሊዘዋወር ይችላል። ፖርቲኮዎቹ የተበራከቱበት አንዱ ምክንያት የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የቤቶች ፎቅ ወደ መንገዱ እየገፋ በመሠራቱ ነው። በ1288 ዓ.ም. የወጣ የከተማው ደንብ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ፖርቲኮ እንዲያወጣ አዘዘ። በ2021 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ለድሃ ተማሪ ትልቁ ጥቅም ደግሞ መግቢያ የማይከፈልባቸው መሆኑ ነው። ከእነዚህ ረጅሙ ወደ ሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ሲሆን 666 ቅስቶች አሉት። ሁለቱ ዘመም ያሉ ግንቦች የከተማው ምልክት ናቸው፤ ረጅሙ 97 ሜትር፣ አጭሩ 48 ሜትር ይሆናል። በ2023 ዓ.ም. አጭሩ ግንብ አደጋ ላይ በመሆኑ ሁለቱም ለወጪ ወራጁ ስለተዘጉ ከርቀት ማየቱ ይበቃል።

በዋናው አደባባይ አጠገብ ፋሺስቶችንና ጀርመኖችን ሲዋጉ የወደቁ አርበኞች ፎቶግራፍ የተደረደረበት ግድግዳ አለ። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እዚህ ቆም ማለቱ ተገቢ ነው፤ በ1935 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ያው ሥርዓት በገዛ ሕዝቡም ላይ እንደተነሣ፣ ሕዝቡም እንደተነሣበት ይመሰክራል። «ቺሬናይካ» በሚባለው ሠፈር ደግሞ በሊቢያ ቅኝ ግዛት ስም ይጠሩ የነበሩ መንገዶች በ1949 ዓ.ም. በእነዚሁ አርበኞች ስም ተተክተዋል። በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 10:25 ላይ ቆሟል፤ ነሐሴ 2 ቀን 1980 ዓ.ም. በዚያ የፈነዳው ቦምብ 85 ሰዎችን ገድሏል።

ፓዱዋ አነስ ትላለች፤ ነገር ግን በጥቂት ርምጃ ውስጥ ብዙ ይገኝባታል። ሠዓሊው ጆቶ በ1305 ዓ.ም. ገደማ የጨረሰው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ሥዕል ብቻ መንገዱን ያስቆጥራል። ሥዕሉ በሰው ትንፋሽ እርጥበት እንዳይጎዳ ጎብኚዎች በጥቂት በጥቂቱ፣ ለደቂቃዎች ብቻ ስለሚገቡ ቀደም ብሎ ተራ መያዝ ግዴታ ነው። በ1545 ዓ.ም. የተመሠረተው የመድኃኒት ዕፅዋት አትክልት ስፍራ እስከ ዛሬ በዚያው ቦታ አለ፤ በ1585 ዓ.ም. የተተከለ ዘንባባም ይታይበታል። በካፌ ፔድሮኪ ውስጥ የካቲት 8 ቀን 1848 ዓ.ም. ተማሪዎች በኦስትሪያ አገዛዝ ላይ በተነሡ ጊዜ የተተኮሰ ጥይት የበሳው ግድግዳ ሳይደፈን ተትቷል። ባጭሩ፣ ቦሎኛ ለሚዘዋወር፣ ፓዱዋ አንድ ቦታ ቆሞ ለሚመለከት ትመቻለች።

3. ሁለቱ የአናቶሚ አዳራሾች

ለሕክምና ተማሪ ግን የጉዞው ዋና ነገር ሁለቱ የአናቶሚ አዳራሾች ናቸው።

በቦሎኛ ሞንዲኖ የተባለው መምህር በ1315 ዓ.ም. ገደማ በተማሪዎች ፊት አስከሬን እያስከፈተ አስተማረ፤ በ1316 ዓ.ም. የጻፈው መጽሐፍም ለሁለት ምዕተ ዓመት ያህል መማሪያ ሆነ። ከእርሱ በኋላ የተለመደው ሥርዓት መምህሩ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ፣ ከታች ደግሞ ጢም ላጪው ገላውን መቅደድ ነበር። ዛሬ በአርኪጂናዚዮ ሕንፃ የሚታየው አዳራሽ በ1637 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ያንኑ ሥርዓት በእንጨት ቀርጾ ያሳያል። አራት ማዕዘን ነው፤ በመካከሉ የእብነ በረድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ የመምህሩ ወንበር ይታያል። የወንበሩን ጣራ የተሸከሙት ቆዳቸው ተገፎ ጡንቻቸው የሚታይ ሁለት የእንጨት ምስሎች ናቸው። ሕንፃው ጥር 29 ቀን 1944 ዓ.ም. በቦምብ ተመትቶ ፈርሶ ነበር፤ ምስሎቹ ከፍርስራሹ ተለቅመው አዳራሹ እንደ ቀድሞው ተሠርቷል።

የፓዱዋው አዳራሽ ፋብሪሲዩስ በተባለው መምህር ጊዜ በ1594 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን እስከ ዘመናችን ከቆዩት ቋሚ የአናቶሚ አዳራሾች ሁሉ ጥንታዊው ነው። ቅርጹ እንደ እንቁላል፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ስድስት ዙር እርከን አለው። ተማሪዎቹ መቀመጫ ስለሌላቸው መከታውን ተደግፈው ቁልቁል ያዩ ነበር። እዚህ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በወንበር ላይ ሳይሆን በጠረጴዛው ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ከ1537 ዓ.ም. ጀምሮ በፓዱዋ ያስተማረው ቬሳልዩስ ከወንበሩ ወርዶ፣ ቢላዋውን ራሱ ይዞ፣ የመጻሕፍቱን ቃል ከገላው ጋር ያመሳክር ነበር። ፋብሪሲዩስ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያሉትን ክዳኖች አሳየ፤ በ1602 ዓ.ም. በፓዱዋ የተመረቀው እንግሊዛዊ ተማሪ ዊልያም ሃርቪም ከዚህ ተነሥቶ የደምን ዝውውር በ1628 ዓ.ም. አስረዳ።

እኛ ካለንበት የመካከለኛው ምሥራቅም የሚያገናኝ ድልድይ አለ። በሁለቱም ከተሞች የኢብን ሲና «ቃኑን» በላቲን ትርጉም ለብዙ ዘመን መማሪያ ነበር። አንድሬያ አልፓጎ የተባለ ሐኪም በደማስቆ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ ዓረብኛ ተምሮ፣ ያንን ትርጉም አረመ፤ በሕይወቱ መጨረሻ በፓዱዋ አስተማረ። ሥራው ከሞቱ በኋላ በ1527 ዓ.ም. በቬኒስ ታተመ። በሌላ በኩል ከብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርስቲዎች የተከለከሉ የአይሁድ ተማሪዎች በፓዱዋ የሕክምና ዲግሪ ያገኙ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ቶቢያስ ኮኸን ለቱርክ ሱልጣኖች ሐኪም ሆኖ ኖሮ በ1729 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሞቷል። በር ለባዕድ ሲከፈት ዕውቀት በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለሳል።

4. በጠረጴዛው ላይ የተኛው ማን ነበር?

የአርኪጂናዚዮ ግድግዳና ጣራ 6000 በሚያህሉ የተማሪዎች ዓርማዎች ተሸፍኗል። ስምና አገር ተጽፎባቸዋል። ከሩቅ አገር መጥተው በማኅበራቸው ጥላ ሥር የተማሩ ባዕዳን እስከ ዛሬ ስማቸው ይነበባል። በዚያው ሕንፃ፣ በእብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ የተኙት ግን ስም የላቸውም።

እነዚህ በአብዛኛው በሞት የተቀጡ ሰዎች ነበሩ። በ1442 ዓ.ም. በቦሎኛ የወጣው ደንብ፣ ከተማው ለትምህርት በየዓመቱ ሁለት አስከሬን፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት፣ እንዲሰጥ ሲያዝዝ የሟቾቹ ትውልድ ከከተማው ቢያንስ 30 ማይል የራቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በከተማው ዘመድ ያለው ሰው አልቃሽ፣ ቀባሪና ጠያቂ አለው። ከሩቅ የመጣው የለውም።

እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዓይነት ባዕድ እናገኛለን። አንደኛው ማኅበር ስለነበረው ስሙ ግድግዳ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ማኅበር ስላልነበረው ገላው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ሁለቱም ከሩቅ የመጡ ነበሩ፤ የለያያቸው ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚጠይቅላቸው ወገን ነበር። በቦሎኛ ጎብኚው በተማሪዎቹ ቦታ ሆኖ ጠረጴዛውን ይመለከታል። በፓዱዋ ግን ወደ እርከኖቹ መውጣት ስለማይፈቀድ ከታች፣ አስከሬኑ ከነበረበት ቦታ፣ ሽቅብ ያያል። ሁለቱን አዳራሾች አንድ ላይ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሐኪሙ ያየውን፣ ሌላው በሽተኛው የሚያየውን ያስተምራል።

5. ለሚጓዝ ጓድ ጥቂት ምክር

አንድ ቀን ብቻ ያለው ፓዱዋን ይምረጥ፤ በአንድ ቀን ተጠቃልላ ትታያለችና። ሁለት ቀን ያለው በታሪኩ ቅደም ተከተል ከቦሎኛ ይጀምር። በፓዱዋ የአናቶሚው አዳራሽ የሚገኝበት «ፓላሶ ቦ» የሚጎበኘው ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቦሎኛ በምግቧ የታወቀች ናት፤ ሆኖም ሞርታዴላው የአሳማ ሥጋ ነው፤ ቶርቴሊኒ የሚባለውም ሊጥ በውስጡ የአሳማ ሥጋ ይጨመርበታል። የማይበላ ሁሉ ቀድሞ ይጠይቅ። ለጾመኛ በቲማቲምና በዘይት የተሠራ ፓስታ በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም።

መደምደሚያ

ከሁለቱ ከተሞች የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች ማኅበር ለበዓል ጭፈራ ብቻ የሚቋቋም አይደለም። ሲጀመር የባዕድ ሰው መከታ፣ አስታማሚና ቀባሪ ነበር። እኛ በምንማርባቸው ከተሞች ውስጥ የዩኒቨርስቲ መታወቂያ የሌላቸው፣ በሰው ቤትና በግንባታ ሥራ የሚደክሙ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና የቤተ ሰቡን አድራሻ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ የ30 ማይሉ ደንብ ሳይጻፍ በሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። የሕክምና ተማሪዎች የሆንን አባሎች በየሆስፒታሉ ስለምንገኝ ቢያንስ ስም ልንጠይቅ፣ ቋንቋ ልናስተረጉም፣ ለማኅበሩ ልናሳውቅ እንችላለን። ማኅበሩም አባልነቱን ለተማሪ ብቻ ቢወስንም እርዳታውን ለተማሪ ብቻ መወሰን የለበትም።

ለጥናት ክበብ የሚሆኑ የውይይት ጥያቄዎች

ሀ) የቦሎኛ ተማሪዎች ማኅበር ኃይል ከምን የመጣ ነበር? የተዳከመውስ ለምንድን ነው?
ለ) የሁለቱ አዳራሾች አሠራር ስለ መምህርና ተማሪ ግንኙነት ምን ያሳያል?
ሐ) ማኅበራችን አባል ላልሆኑ ወገኖች የሕመምና የሞት ጊዜ ምን ዓይነት ዝግጅት ሊኖረው ይገባል?