ለሕፃን ክፍል አንበሳ ስትቋጥሪ

ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ለሚመጣው እንግዳ ክፍል በገመድ የተቋጠረ የእንስሳ ጌጥ ልትሠሪ መነሣትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዳንቴል የለመደ እጅ ስላለሽ ቋጠሮው አያስቸግርሽም። የሚያስቸግርሽ ሌላ ነው፤ የዚህ ሥራ ዳኛ የአንቺ ዓይን ሳይሆን የልጁ እጅ መሆኑን ሳትዘነጊ መቆየት። ገመዱን ስትመርጪም፣ ዓይኑን ስትሠሪም፣ ሚስማሩን ስትመቺም «እጁ ቢደርስበትስ?» እያልሽ ጠይቂ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

፩. ጉጉቱን ተዪው።

ማክራሜ የሚባለው ይህ የቋጠሮ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካንና አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ፣ ከአበባ ማንጠልጠያው ጋር በየቤቱ የተሰቀለው እንስሳ ጉጉት ነበር። ምክንያት አለው፤ ጉጉት አንገቱ አይታይም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ከተደረጉለትና ከእግሩ ሥር እንጨት ከገባለት አለቀ። ዛሬም ንድፍ ስትፈልጊ ብዙው ወደ ጉጉት ይመራሻል። ነገር ግን አያትሽ ሌሊት ጉጉት ሲጮኽ የሚያማትቡ ሰው ናቸው። አራስ ልትጠየቂ ተኝተሽ ሳለ፣ የመጣው ሽማግሌ ሁሉ ገንፎውን ትቶ ስለ ግድግዳሽ ሲመክር ይውላል። ባታምኚበትም ይህን ክርክር ለምን ትገዢዋለሽ?

ቀጭኔም ይቅርብሽ። አንገቱን ላስረዝም ስትዪ የተንጠለጠለ ገመድ ትፈጥሪያለሽ። ዋልያ ያምራል፤ ቀንዱን ማጠፍ ግን የለመደ እጅ ይጠይቃል፣ ለሁለተኛው ልጅ ይቆይልሽ። አንበሳ ሥሪ፤ ፊቱን ብቻ። የገመድ ሥራ መጨረሻው ዘርፍ ነው፣ የአንበሳም ማዕረጉ ጎፈሩ ነው፤ ሁለቱ ሳይገፋፉ ይገናኛሉ። ደግሞም አራስ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ሥዕል ፊት ነው።

፪. ገመዱ ጥጥ ይሁን።

ቃጫ አትግዢ፤ ይዋጋል፣ ይረግፋል፣ ሽታውም ክፍሉን ይይዘዋል። ናይሎን ጠንካራ ነው ግን ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው እንዳይፈታ ጫፉን በእሳት ማቅለጥ አለብሽ፣ የቀለጠው ጫፍ ደግሞ ሲደርቅ ይቧጭራል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የተገመደ እንጂ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተጎነጎነ ያልሆነ የጥጥ ገመድ ፈልጊ። የተጎነጎነው ለጎፈር አይፈታታም። ከመግዛትሽ በፊት ጫፉን በጣትሽ ፍቺው፤ በቀላሉ ተበትኖ እንደ ፈትል ከለሰለሰ ያዢው። 100 ሜትር ይበቃሻል።

፫. ልኬቱ።

መጠናቸው እኩል የሆነ፣ ስፋታቸው 20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የእንጨት ወይም የብረት ቀለበቶች ያስፈልጉሻል። አንደኛው ፊቱን ይሸከማል፣ ሌላው ከኋላው ሆኖ ጎፈሩን። በአንድ ቀለበት ሁለቱንም ልሥራ የሚሉ አሉ፤ ላይኛው ግማሽ ላይ ቦታ ያጥራቸዋል።

ለፊት 26 ገመድ ቁረጪ። የተቋጠረ ገመድ ከተሠራው ቁመት አራትና አምስት እጥፍ ይበላል፤ ፊቱ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ጭራ 1 ሜትር ያስፈልገዋል። ገመዱ ከመሐል ታጥፎ ስለሚታሰር 2 ሜትር ትቆርጪያለሽ ማለት ነው። ዓይን ወደሚወጣበት አካባቢ የሚወርዱትን ስምንቱን ግን 2 ሜትር ከግማሽ አድርጊያቸው፣ ዓይን ገመድ ይበላል። ለጎፈሩ 35 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 60 ቁራጮች ይበቃሉ። ስትደምሪው ከ80 ሜትር በታች ነው። የተረፈውን አትጣዪ፣ እጅሽን የምታፍታቺው በእሱ ነው።

፬. ሁለት ቋጠሮ እወቂ፣ በደንብ እወቂ።

መጽሐፎቹ ብዙ ቋጠሮ ይደረድራሉ። እ.ኤ.አ. በ1882 ለንደን ውስጥ «የሲልቪያ መጽሐፍ» የተባለው የማክራሜ መምሪያ ሲወጣ የእንግሊዝ ወይዛዝርት የጠረጴዛ ልብስና የመጋረጃ ዘርፍ ይቋጥሩበት ነበር። ከእነሱም በፊት መርከበኞች በረጅሙ ጉዞ ላይ ጊዜ መግፊያ አድርገውት ቀበቶና የደወል ገመድ ይሠሩበት ነበር። ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ ሁለት ቋጠሮ ነው።

የመጀመሪያው ጠፍጣፋው ነው። አራት ጭራ ያዢ። የመሐሎቹ ሁለቱ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ የሚሠሩት የዳሮቹ ናቸው። የግራውን በመሐሎቹ ላይ አሳልፈሽ ከቀኙ ሥር አድርጊው። ቀኙን በመሐሎቹ ጀርባ አዙረሽ ግራው በሠራው ቀዳዳ ወደ ፊት አውጪውና ሁለቱን እኩል ሳቢ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ከቀኝ ጀምረሽ በተቃራኒው ድገሚው። ሁለቱም ግማሽ ከአንድ ወገን ከተጀመረ ሥራው እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ለሌላ ጌጥ መጠማዘዙ ያምራል፤ ለአንበሳ ፊት ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥምጥሙ ነው። ጭራውን በቀለበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ትጠመጥሚያለሽ፣ በእያንዳንዱም ዙር ጫፉን ከራሱ ሥር አውጥተሽ ታጠብቂያለሽ። ፊቱ ከታችኛው የቀለበት ግማሽ ጋር የሚታሰረው በዚህ ነው። ጣሊያን አገር ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ቫለንቲና ካቫንዶሊ የተባሉ ሴት «የፀሐይ ቤት» በሚባል የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆቹን ቋጠሮ ያስተምሩ ነበር። በሁለት ቀለም ገመድ፣ በዚሁ ጥምጥም ብቻ ሥዕል የሚያወጣው አሠራር ዛሬም የሚጠራው በስማቸው ነው። ሕፃናት የቻሉት ነገር አንቺን ሊያሸንፍሽ አይገባም። የአፍንጫውን ሦስት ማዕዘን በጠቆረ ገመድ ልታወጪ ካሰኘሽ መንገዱ ይኸው ነው።

ፊቱን ስትጀምሪ 26ቱን ገመድ እያንዳንዱን ከመሐል አጥፊው፤ መታጠፊያውን ከቀለበቱ ጀርባ አድርገሽ ሁለቱን ጫፍ በመታጠፊያው ውስጥ አሳልፊና ሳቢ። ከግራ ዳር በአናቱ በኩል እስከ ቀኝ ዳር፣ የላይኛው ግማሽ ሁሉ ይሞላል። 52 ጭራ ይኖርሻል፣ ማለትም ሰፊው ረድፍ ላይ 13 ቋጠሮ። ከአናቱ መሐል ጀምረሽ ውረጂ፤ የዳሮቹ ገመዶች ወደ ታች በመጣሽ ቁጥር በየተራቸው ይገባሉ። በአዲሱ ረድፍ ሁለት ጭራ ከአንዱ፣ ሁለት ከጎረቤቱ ቋጠሮ ወስደሽ ቋጥሪ፤ ያኔ ጨርቅ ይሆናል እንጂ ትይዩ ጉንጉን አይሆንም። እጅሽ አንድ ቀን ላልቶ ሌላ ቀን ከጠበቀ ፊቱ ይጣመማል። ስለዚህ ተናደሽ ወይም ደክመሽ አትቋጥሪ፤ ወሩ ከገባ ወዲህ ጣትሽ ካበጠም ለእኅትሽ ስጪያት።

፭. ዓይኑ ዶቃ አይሁን።

የድሮዎቹ ጉጉቶች ዓይናቸው የእንጨት ዶቃ ነበር። ለሳሎን ግድግዳ ይሁን፤ ለሕፃን ክፍል ግን ዶቃ፣ ቁልፍ፣ ዛጎል የሚባል ነገር አታስገቢ። በአሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ አሻንጉሊት የሚፈተሸው 3 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ስፋት ባላት ሲሊንደር ነው፤ ተነቅሎ እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ አይፈቀድም። የምትገዢው ዶቃ አብዛኛው ይገባባታል። ክሩ አርጅቶ ሲበጠስ ዶቃው የሚወድቀው ወለል ላይ ነው፣ ወለሉ ደግሞ የሚድህ ልጅ ግዛት ነው።

ዓይኑን ከራሱ ከገመዱ አውጪው። ዓይን እንዲሆን በፈለግሽበት ቦታ በአራት ጭራ፣ ከላይ ትንሽ ክፍተት ትተሽ፣ አራት ጠፍጣፋ ቋጠሮ በላይ በላዩ ቋጥሪ። ከዚያ የመሐሎቹን ሁለት ጭራ ወደ ላይ አንሥተሽ በተውሽው ክፍተት ከፊት ወደ ኋላ አሳልፊና ወደ ታች ሳቢያቸው። የቋጠሮው ዘለላ ተጠቅልሎ ክብ ሆኖ ይነሣል። ከሥሩ አንድ ጠፍጣፋ ቋጠሮ ስታጠብቂበት ከእንግዲህ አይፈታም። ሁለቱ ዓይኖች ትንሽ ቢለያዩ አትፍቺው፤ ሰውም እንስሳም ፊቱ እኩል አይደለም።

፮. ጎፈሩ።

60ዎቹን ቁራጮች በሁለተኛው ቀለበት ዙሪያ እንደ ፊቱ እሰሪያቸው፤ በሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥሩ አበጥሪ። ከአናት ላይ ያለው ጎፈር እንደ ቀሪው ከረዘመ በክብደቱ ታጥፎ ፊቱ ላይ ይወድቃል፣ አንበሳው ከእንቅልፉ የተነሣ ሰካራም ይመስላል። ስለዚህ አናቱን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሳጥሪ፣ ወደ ጉንጩ እያስረዘምሽ ሂጂ፣ አገጩ ሥር 15 ይድረስ። ጠቆር ያለ ጎፈር ከወደድሽ ቁራጮቹን ከማሰርሽ በፊት በቡና አተላ ቀቅያቸው፤ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አለቅልቂ። ጥጡ የሚይዘው ቀለም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ ጥቁር አትጠብቂ።

የተበጠረ ጥጥ ብናኝ ይጥላል። ማበጠሪያሽና መከርከሚያሽ በረንዳ ይሁን፤ አራግፈሽ አስገቢው። ሁለቱን ቀለበቶች ከኋላ በስድስት ቦታ በጠንካራ ክር ስፊያቸው። ሙጫ አልወድም።

፯. ከአልጋው በላይ አትስቀዪ።

ከዚህ ሁሉ የማልደራደርሽ እዚህ ላይ ነው። የሚታየሽ ሥዕል ይገባኛል፤ አልጋው፣ ከበላዩ አንበሳው። ፎቶው ያምራል። ግን ሚስማር ይላላል፣ ልጅም ያድጋል። ዛሬ ባስቀመጥሽው የሚገኘው ልጅ ነገ በክንዱ ደገፍ ብሎ ይነሣል፣ ከዚያም የአልጋውን አጥር ይዞ ይቆማል። ከአልጋ በላይ ስለሚንጠለጠሉ መጫወቻዎች ሐኪሞች የሚመክሩት ልጁ 5 ወር ሲሞላው፣ ወይም ከዚያ በፊት በእጅና በጉልበቱ መነሣት ሲጀምር እንዲወርዱ ነው። ከ18 ወር በታች ላለ ልጅ በሚሠራ አሻንጉሊት ላይም የአሜሪካው ደረጃ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ገመድ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ያንቺ ጎፈር ከዚያ በታች ነው፤ ማንጠልጠያውንም አሳጥሪው፣ ከቀለበቱ ጀርባ ተደብቆ ይቅር። ቢሆንም አንበሳው ጌጥ እንጂ መጫወቻ አይደለም።

የተሻለው ቦታ ከአልጋው ትይዩ ያለው ግድግዳ ነው፣ ከሥሩ ወንበርም ቁምሣጥንም የሌለበት። ልጅ ወንበር ላይ መውጣት የሚማረው ካሰብሽው ቀድሞ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በድሪል አስበሺና ብሎን ይግባበት፤ በመዶሻ የገባ ሚስማር ብሎኬት ላይ አይዝም። ጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩን ፈልጊ። ስቀዪና በእጅሽ ወደ ታች ሳቢው፣ በደንብ ሳቢው። ከተነቀለ አሁን ይነቀል።

«ከሩቅ ካየው ምን ይጠቅመዋል?» ትዪኝ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጅሽ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ማለትም ስታጠቢው የአንቺን ፊት። እስከዚያ አንበሳው ላንቺ ነው። ሌሊት እያጠባሽ የምታይው ነገር ያስፈልግሻልና፣ ከምታጠቢበት ወንበር ፊት ለፊት መሆኑን ተቀምጠሽ አረጋግጪ።

፰. እጥበቱ።

የገመድ ሥራ አቧራ ይሰበስባል፣ በተለይ በበጋ። በየሳምንቱ ውጭ አራግፊው። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሳሙና ነክረሽ በእጅሽ ጨምቂው፤ አትጠምዝዢው፣ ማሽን ውስጥም አትክተቺው። ቀለበቱ ብረት ከሆነ ውኃ ውስጥ አታቆዪው፣ ዝገቱ ጥጡን ያበላሻል። ፎጣ ላይ አጋድመሽ አድርቂ። ጎፈሩን ሳይደርቅ ካበጠርሽው ይነቀላል።