በዋጃ ቤት ሠርቶ ማከራየት፦ ውሉ፣ ግብሩና ዘካው

ከራያ ቆላ ለመጣን ተማሪዎች ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ሳዑዲ ያለ ወንድም ወይም እህት ብር ይልክና «አንተ ተምረሃል፣ ቦታ ፈልግ፣ ቤት አሠራ» ይላል። ዋጃ ከአላማጣ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ስላለች፣ መንገድ ዳር ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ ማከራየት የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ይታወቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤት ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ይያዛል፤ ለመኖሪያ ሲሆን ዘመኑ 99 ዓመት ነው። በከተማው ጠርዝ ያለን የማሽላ ማሳ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት «ገዝቶ» ቤት ማቆም እንግዲህ የጨረቃ ቤት መሥራት ነው። ሲፈርስ ካሳ የሚጠይቀው ሕጋዊ ባለይዞታ ብቻ ነው፤ የወንድማችን የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ቀን አፈር ይሆናል።

በዋጃና በአላማጣ ሌላም ጉዳይ አለ። አካባቢው በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል የይገባኛል ጥያቄ የተነሣበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማንም አንፈርድም። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን ካርታውን የሰጠው የትኛው አስተዳደር ነው፣ መቼ ሰጠ፣ የግብር ደረሰኙስ በማን ስም ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።

ውሉን በተመለከተ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። እሱን ለመቀነስ ሻጭና ገዢ ተስማምተው ዝቅተኛ ዋጋ ሲጽፉ እናያለን። ውሸት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሒሳቡም ገዢውን ይጎዳል። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ቤት ሲሸጥ በተገኘው ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፈላል። በ800 ሺህ ገዝቶ 400 ሺህ ያስጻፈ ሰው፣ ነገ በአንድ ሚሊዮን ሲሸጥ ትርፉ 200 ሺህ መሆኑ ቀርቶ 600 ሺህ ይመስላል፤ ግብሩም ከ30 ሺህ ወደ 90 ሺህ ይወጣል። ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ የግል መኖሪያ የነበረ ቤት ከዚህ ግብር ነፃ ሲሆን፣ የሚከራይ ቤት ግን ነፃ አይደለም።

የኪራይ ገቢ ለብቻው ግብር አለው። ያው የ2008 አዋጅ መዝገብ ለማይይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹን ለጥገናና ለእርጅና ይቀንስለታል። ሦስት ክፍል በወር 3,000 ብር ቢከራይ በዓመት 108,000 ይሆናል፤ ግብሩ የሚሰላው በ54,000 ላይ ነው። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የዛሬውን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ብሎኬትና ሲሚንቶ የተገዛበትን ደረሰኝ ደግሞ አትጣሉ።

ቤቱ በማን ስም ይሁን? ብሩ የእህታችን ሆኖ ካርታው በእኛ ስም ከወጣ፣ አማናው ከባድ ነው፤ እኛ ብንሞት ወራሾቻችን የኛ ንብረት ነው ይላሉ። በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ማስላክ ይሻላል። ያ ባይቻል እንኳ ብሩ የማን እንደሆነ በምስክር ይጻፍ፤ የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ማዘዙን እናውቃለንና።

ብሩ ካነሰ በወለድ መበደር ወደ ሪባ ያስገባል። በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ሌሎችም ከወለድ ነፃ ባንኮች ሙራበሓን ይሰጣሉ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በክፍያ ይሸጥልናል። ባንኩ በእርግጥ መግዛቱን ከውሉ ላይ እዩ።

ግብር መክፈል ዘካን አያወርድም። በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ የሚከራይ ቤት ራሱ ዘካ የለበትም፤ ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት የዞረበት ብር 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ለመሸጥ ታስቦ የተገዛ ቤት ግን የንግድ ዕቃ ስለሆነ በየዓመቱ በገበያ ዋጋው ይሰላል። ማሊኪያዎች ዋጋ እስኪወጣ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ሲሸጥ የአንድ ዓመት ብቻ ይበቃዋል ይላሉ።