ልጄ ሰነፍ ሆነ ከማለታችሁ በፊት

ቅዳሜ ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ስለ ጤና አስተምራለሁ። አንድ ቀን ገና ሳልጀምር አንዱ ተማሪ ዴስኩ ላይ ተኝቷል። ቀስቅሼው "ማታ ዘበኛ ነህ እንዴ?" ብዬ ክፍሉን አሳቅኩበት። ስንወጣ ጠጋ ብሎ "ዶክተር፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል" አለኝ። አፈርኩ። ቤትም ታናሽ ወንድሜን የምቀሰቅሰው "አንተ ሰነፍ፣ ተነስ!" እያልኩ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁን ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። በጉርምስና ጊዜ ግን ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ማታ 3 ሰዓት ላይ "ተኛ" ብትሉት ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ለሰውነቱ ገና ሌሊት ነው። ስልክ ሲጨመርበት ይብሳል።

እኛ ቤት የሠራው ይሄ ነው፦ ማታ ስልኮች ሳሎን ቻርጅ ይደረጋሉ (የእኔም ጭምር፣ ወንድሜ ነው ያስገደደኝ)። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና የለም። እሁድም ቢሆን ከአዘቦቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚያረፍደው።

ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ካዘነ ወይም ከሚወደው ነገር ከራቀ ግን ጉዳዩ እንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። ሞትን ካነሳ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። እኛ ጋ ስታመጡትም ለትንሽ ደቂቃ ውጡልን። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ "ደህና ነኝ" የማይል ጎረምሳ እስካሁን አላጋጠመኝም።